ተጨማሪ መኪና ወደ ቦኩ

ካርታው ላይ ቦኩ መቅላት ጀመረ። ስክሪኑ ፊት የተቀመጠችው ልዩ መጀመሪያ ስህተት መሰላት። በማለዳ የሚቀላው መናኸሪያው፣ የዩኒቨርሲቲው በርና የወንጂ መንገድ ነው፤ ቦኩ በዚህ ሰዓት ሰው የሚወጣበት እንጂ የሚገባበት ሰፈር አይደለም።

«ጠንቋያችን ዛሬ ቀምሶ ነው የመጣው» አለቻት አጠገቧ ለተቀመጠችው ለፈውዚያ። ስሙን ያወጡለት ሾፌሮቹ ናቸው። ሰው ገና ሳይደውል የት ሰፈር መኪና እንደሚፈለግ እየገመተ የድርጅቱን የኤሌክትሪክ መኪኖች አዳማ ላይ የሚበትን ፕሮግራም ነው። የልዩ ሥራ ደግሞ ግምቱን እያየች ማጽደቅ ነው።

ፈውዚያ ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀልዱን ተቀብላ ታስረዝመው ነበር። ዛሬ «ተይው፣ ሲቆይ ያስተካክለዋል» አለችና ከስልኳ ላይ ቀና አላለችም። የስምሪት ኃላፊው ጀቤሳም በረንዳ ላይ ወጥቶ በኦሮምኛ ዝግ ብሎ በስልክ ያወራል። አንዴ ዞር ብሎ በመስታወቱ አያትና ፊቱን መለሰ።

ልዩ ቅላቱን ነካችው። ከሥሩ ጽሑፍ ወጣ። «ምክንያት፦ ለቅሶ። የሚቆየው፦ ሦስት ቀን። ስድስት ተጨማሪ መኪና ይላክ?»

ለቅሶን ያስተማረችው እሷ ናት። ሥራ በጀመረ ሰሞን ለቅሶና ሠርግ ይምታታበት ነበር፤ አንዴማ ሐዘን ቤት በር ላይ እንደ ሠርግ መኪና ደርድሮ የሾፌሮች መሳቂያ ሆኗል። ሠርገኛ ተሰብስቦ መጥቶ ተሰብስቦ ይሄዳል፤ ለቀስተኛ ግን ከየአቅጣጫው ጥቂት ጥቂት እያለ ይመጣል፣ ቁጭ ብሎ ይሄዳል፣ በማግስቱም ይመለሳል። ይህንን የቆዩ ጉዞዎችን አንድ በአንድ እየለየች ነው ያሳወቀችው። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ስቶ አያውቅም።

ካርታውን አቀረበችው። መኪኖቹ የሚቆሙት ኮብልስቶኑ የሚያልቅበት ቅያስ ላይ ነው። የአባቷ ቤት እዚያ ነው።

የጎረቤት ይሆናል አለች በልቧ። አጥር የሚጋሩት እትዬ አበበችም አርጅተዋል። አባቷ ያለው አዲስ አበባ ሆስፒታል ነው፤ አብሮት ያለው ወንድሟ ምንተስኖት ትናንት ማታ ደውሎ «ተሽሎታል፣ ሾርባ ጠጣ» ብሏታል። ደወለችለት። ስልኩ ዝግ ነው።

የተሳፋሪዎቹን ስም ከፈተች። የአክስቷ ልጅ ማርቲ። የአባቷ ዕድር ዳኛ። አባቷ ከመቂ ሽንኩርት ሲያስጭን ጀምሮ የሚያውቁት ኦቦ መርዳሳ። ሁሉም ስልኳን ያውቃሉ፤ ዛሬ አንዳቸውም አልደወሉላትም።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ ቤቷ ድረስ ሄደው፣ አስቀምጠው ነው የሚያረዷት። ዛሬም ሄደው ይሆናል፤ እሷ ግን የታመመች ጓደኛዋን ተክታ ጨለማው ሳይለቅ ወጥታለች። ዘመድ አዝማድ ሲደብቃት ያደረውን ነገር ጠንቋዩ ይሉኝታ ስለማያውቅ ዘረገፈው።

ማልቀስ ነበረባት። እንባው እስኪመጣ ጠበቀች፤ አልመጣም። የከንፈሯን ውስጥ ነከሰች፣ አላመማትም። ስክሪኑ ላይ ያረፈው እጅ የሌላ ሰው እጅ መሰላት።

አዲስ ጥሪ ገባ። ጠሪው ማስረሻ፣ የአባቷ ታናሽ ወንድም። መነሻው የእሷ ኪራይ ቤት በር፣ መድረሻው ይህ ቢሮ። ጠንቋዩ ሁለት ቅያስ ላይ የቆመች መኪና መርጦ ይሁንታዋን ይጠብቃል። ከወንጂ የምትመለሰውን ብትመድብ ማንም ለምን አይላትም። ለግማሽ ሰዓት ያህል አባት ያላት ሰው ሆና ትቆያለች።

ጣቷ የወንጂዋን መኪና ነካ። ጋሽ ማስረሻ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ እዚያ በር ላይ ደግሞ መቀመጫ የለም። ለቀቀቻትና ቅርቧን አጸደቀች።

ከዚያ ወደ ቦኩ ተመለሰች። ስድስት አይበቃም። አባቷ ዝናብም ቢሆን ፀሐይ ከሰው ቀብር ቀርቶ አያውቅም፤ የቀበራቸው ሰዎች ቤተሰብ ሁሉ ዛሬ ይመጣል። አሥር አለችው።

«ልዬ» አለች ፈውዚያ፣ ስክሪኑን አይታ።

«ወይ።»

«ምንም። ውኃ ላምጣልሽ?»

«አምጪልኝ።»

መኪናዋ በካርታው ላይ መጣች። ፖስታ ቤት ጋ ባጃጆች ይዘዋት ትንሽ ቆመች፣ ከዚያ ታጠፈች። ልዩ ለፈውዚያ አውቄያለሁ ልትላት አሰበችና ተወችው። የአባቷን ሞት ከኮምፒውተር ሰማች እንዲባል አልፈለገችም። እኚያ ሽማግሌም በዚያ ጉልበታቸው የሚመጡት ሊነግሯት ነው፤ ቃሉን ከአፋቸው መንጠቅ ነውር ሆነባት።

ውጭ የመኪና በር ተዘጋ። ጀቤሳ ስልኩን ኪሱ ከቶ ሽማግሌውን ሊደግፍ ከደረጃው ወረደ። ልዩ ስክሪኑን አጠፋችና ፀጉሯን በሻሿ ሸፈነች።

ጋሽ ማስረሻ ገቡ፣ ከኋላቸው ሁለት ሽማግሌዎች። ፈውዚያ ውኃውን እንደያዘች ግድግዳው ጋ ቆማ ቀረች።

«እንደምን አደርሽ ልጄ» አሉ ጋሽ ማስረሻ፣ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ አድርገው።

ልዩ ተነሥታ ትከሻቸውን ሳመች፣ የራሷን ወንበር ሳበችላቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ» አለች። «ምነው በጠዋት? ደህና አይደላችሁም እንዴ?»