ከተራራው የወረደው ጥሩር

ታክ ጆንግዱ ለወደፊቱ ወታደር ጥሩር በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ መሐንዲስ ነበር። ጥሩሩ የለበሰውን ያሞቃል፤ በሞተር ያራምዳል፤ ለባሹ ራሱን ቢስት እንኳ መንገዱን ፈልጎ ወደ ጦር ሰፈሩ ይመልሰዋል። ጆንግዱ በሥራው ይኮራ ነበር፤ ወታደር የሆነው አንድ ልጁ ሁንሞ ለጥሩሩ ሙከራ እስኪመረጥ ድረስ።

ሚስቱ ኦክቡን ወሬውን ስትሰማ ጨርቋን ልትጥል ምንም አልቀራት።

«ልጄን በቁሙ ብረት ውስጥ ልትቀብረው ነው?»

«ብረቱ እኮ ነው የሚያተርፈው።»

«ለመሆኑ በልኩ ተሠርቷል?»

«ልክ አያስፈልገውም። ማንም ቢለብሰው ራሱ ይስተካከላል» አላት፤ ኩራቱን መደበቅ አልቻለም።

ከዚያ ወዲህ ማዕድ ቀርበው እንኳ ብዙም አይነጋገሩም።

በጥር ስልክ ተደወለ። ኢንጄ በምትባል ከተማ አጠገብ፣ በተራራ ልምምድ ላይ የበረዶ ናዳ ሁለት ወታደሮችን ከጓዶቻቸው ነጥሏል። አንዱ ሁንሞ ነው። ሌላው ጊሉ የሚባል ጓደኛው፤ እሱ የለበሰው ተራ ካፖርት ነው።

ባልና ሚስቱ ጦር ሰፈሩ ሲደርሱ የጊሉ አባት፣ አዛውንቱ ዓሣ አጥማጅ ማንግ፣ ቀድመዋቸው ተቀምጠዋል። ለልጆቹ ያመጡትን የደረቀ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ይዘዋል።

«ሬዲዮው ከመቋረጡ በፊት ሁንሞ አናግሮናል» አለች ልምምዱን የምትመራው ሻምበል። «እሱ ደህና ነው። የጊሉ ግን እግሩ ተሰብሯል። በዚህ ነፋስ ሄሊኮፕተር ማስነሳት አልቻልንም።»

ስክሪኑ ላይ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ተራራውን ቀስ እያለች ትወርዳለች።

«ልጄ ነው?» አለች ኦክቡን።

«የእሱ ጥሩር ነው። ይኸው፣ ልቡም ይመታል» አላት ጆንግዱ።

ኦክቡን የባሏን እጅ ጭምቅ አድርጋ ያዘች። «ተባረክ» አለችው። «ያን ሁሉ ክፉ ቃል ተናግሬህ!»

ማንግ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የሁንሞ አባት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ልጅዎ ልጄን ተሸክሞት ይሆን?»

ጆንግዱ የባትሪውን መጠን አየ። ሊዋሻቸው ፈለገ፤ አፉ አልታዘዝ አለው።

«የቀረው ኃይል ከአንድ ሰው በላይ አያወርድም። ሁንሞም ይህን ያውቃል።»

አዛውንቱ የጋዜጣውን ጥቅል ለኦክቡን ዘረጉላት።

«እንኪ፣ ልጄ። ሲመጣ ይርበዋል።»

ጆንግዱ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። ደስ ብሎታል፤ ደስታው ደግሞ አሳፍሮታል።

ጥሩሩ ከጥዶቹ መካከል ብቅ ሲል ሁሉም ወደ በሩ ሮጡ። አንድ እግሩን ይጎትታል።

«ምን ሆኖብኝ ነው?» ጮኸች ኦክቡን።

«ጉልበቱን በረዶ ይዞት ነው! ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያንን ሞተር በደንብ መሸፈን ነበረብኝ።»

«ሁንሞ! ሁንሞዬ!»

መልስ የለም።

«ራሱን ስቶ ነው፤ አይዞሽ። ልብሱ ነው የሚያራምደው።»

ጥሩሩ በሩ ላይ ደረሰ። ቆመ፣ በርከክ አለ። የራስ ቁሩ በዝግታ ተከፈተ።

«ልጄ!» ብለው የጮኹት አዛውንቱ ማንግ ነበሩ።