የአዴ ፈሂማ ሳቅ

«ይኼኛው ይሻላል ወይስ ሐምራዊው?» አዴ ፈሂማ ሁለቱን ቀሚስ ቀዩ መደብ ላይ ዘርግተው ዕፀገነትን ቀና ብለው አዩዋት። «ከፊት ነው የምንቀመጠው፣ ወላሂ! አሥራ አራት የአፎቻ ሴት ይዤ ነው የምመጣው። ለሠርጉም ለለቅሶውም አብረን ነን፤ ለልጄ ቲያትር እንዴት እንቀራለን?»

ዕፀገነት የመጣችው እንዳይመጡ ልትለምናቸው ነበር። ከፈረስ መጋላ በጠባቡ መንገድ ስትወርድ የምትለውን በልቧ እያጠናች ነው የደረሰችው። ሁለት ሰዓት ሙሉ መድረክ ላይ ቆማ አንዲት ቃል የማትስት ተዋናይ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ከአፏ አልወጣ አላት። ከአዲስ አበባ ይዘውት የመጡት ቲያትር ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይጀምራል። አሁን ስምንት ተኩል ሆኗል።

«ሐምራዊው» አለች።

ከጁገል ግንብ ውጭ ብትወለድም ያደገችው እዚህ ቤት ነው ማለት ይቻላል። እናቷ ብዙነሽ ታማ በተኛችበት ዓመት ከትምህርት ቤት ተቀብለው ያበሏት አዴ ፈሂማ ናቸው። የክርስቲያን ልጅ ናትና በጾም ጊዜ ቅባት ያልነካው ድስት ለይተው ይጥዱላት ነበር። ይኼው መደብ ላይ ቆማ ግጥም ስታነብ የመጀመሪያ ተመልካቿም እሳቸው ነበሩ። በሚያስቀውም በማያስቀውም ይስቁላት ነበር።

አዲስ አበባ ሄዳ ስድስት ዓመት መድረክ ላይ ትሪ ይዞ መግባትና መውጣት ሆነ ሥራዋ። በሰባተኛው ዓመት የጋብቻ ደላላዋን ገጸ ባሕርይ ሰጧት። በልምምዱ ሰው ፈገግ እንኳ አላለም። አዘጋጁም እስከ ነገ ካላሳቅሽ ለሌላ እሰጠዋለሁ አላት። ያን ዕለት እንቅልፍ ባይኗ አልዞረም። በማግስቱ ግን ያን ሳቅ ይዛ ገባች፤ የመብራት ሠራተኛው ሳይቀር ሆዱን ያዘ። ይኸው ሦስት ዓመቷ፣ ስሟም እንጀራዋም ያ ሳቅ ነው። ጋዜጠኞች ከየት አመጣሽው ሲሏት «እንዲያው ከራሴ ነው» ትላለች።

«አዴ፣ አንድ ነገር ወስጄብዎታለሁ» አለች በመጨረሻ።

«ምን ወሰድሽ? ቤቱ የማን ሆነና!»

«ሳቅዎን።»

አዴ ፈሂማ ባላቸውን ዞረው አዩ። አው ዐብዱልገኒ ትራሱን ተደግፈው ጫታቸውን ይቀነጥሳሉ። «ሰማህ? ሳቅ ይወሰዳል እንዴ! አቦ ተይ እንጂ። በይ ከወሰድሽ አሳዪኝ።»

«ተዉኝ፣ አዴ።»

«አሳዪያት እንጂ!» አሉ አው ዐብዱልገኒ። «እኛም እዚሁ ቲያትር እንይ።»

ሌላ መንገድ አጣች። ቆመች። ትከሻዋን ሰበቀች፣ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች፣ እንቁላል እንደጣለች ዶሮ ሦስት ጊዜ አከታትላ ጮኸችና አጠገቧ ያለ ሰው ጉልበት ላይ እንደሚመታ መደቡን በመዳፏ ጠፈጠፈችው። እንደዚያ ቀን አሳምራ ሠርታው አታውቅም። የሳቁ ባለቤት ፊቷ ስለነበሩ አንዲት ነገር አልጎደላትም፤ የዐይናቸውን አጨፋፈን ሳይቀር ጨመረችበት። ደስ አላት። ደስ ማለቱ ነው ከሁሉ ያሳፈራት።

«እሷው ናት! ወላሂ እሷው ናት!» አው ዐብዱልገኒ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አዴ ፈሂማም ሳቁ። ትከሻቸውን ሰብቀው፣ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ስበው፣ አንዴ፣ ሁለቴ ጮኹና ሦስተኛው ጉሮሯቸው ውስጥ ቀረ። መደቡን ሊመቱ ያነሡትን እጅ ቀስ ብለው ጭናቸው ላይ አሳረፉት።

«እንዲህ ነው የምስቀው?» አሉ ባላቸውን።

አው ዐብዱልገኒ ጎንበስ ብለው ጫቱ ውስጥ አንድ የጠፋ ነገር መፈለግ ያዙ።

«ሴትየዋ ማናት?» አዴ ፈሂማ ወደ ዕፀገነት ዞሩ። «ቲያትሩ ላይ ያለችው።»

«የጋብቻ ደላላ ናት።»

«ደግ ናት?»

መዋሸት ትችል ነበር፤ ደግሞስ ለመዋሸት ማን ብሏት። ግን እኒያ ዐይኖች አላስቻሏት አሉ። «አይደለችም። ስትዋሽ ነው የምትስቀው።»

አዴ ፈሂማ የሐምራዊውን ቀሚስ እጅጌ፣ ሳይጨማደድም፣ ደጋግመው በመዳፋቸው አስተካከሉት። ዕፀገነት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ተንበርክካ ጉልበታቸውን ያዘች።

«ይቅር ይበሉኝ። ዛሬ ይቅሩብኝ፣ አይምጡ። እለምንዎታለሁ።»

«ሴቶቹን ጠርቼ? ልጄን ታያላችሁ ብዬ ጁገልን ሙሉ አውርቼ? ምን ብዬ ነው የምቀረው?» ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጡ በተሻላት። ከተንበረከከችበት ክንዷን ይዘው አነሧትና አጠገባቸው አስቀመጧት። «ይልቅ የት የት ቦታ ላይ እንደሆነ ንገሪኝ።»

«ምኑ?»

«ሳቁ ነዋ። እኔ ሳቅ ሲመጣ አያስችለኝም። አብሬ ከሳቅሁ ሴቶቹ ያውቁኛል። ቦታውን ካወቅሁ ቀደም ብዬ አፌን እይዛለሁ።»

«መጀመሪያ ስትገባ አለ» አለች ዕፀገነት፤ ድምፅዋ ከመድረኩ ድምፅ ጋር አይገናኝም። «ከዚያ ልጅቷን ለሁለት ወንድ ቃል ስትገባ። ከዚያ ለእናትየዋ ስትምል። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ...»

አዴ ፈሂማ እንዳይረሱት ከትንሿ ጣታቸው ጀምረው እያጠፉ ያዳምጣሉ። አንደኛው እጅ አለቀና ወደ ሌላው ተሻገሩ።