መንገዱ ሲጠጣ

ጣሳዋን ዘንበል ስታደርግ ውሃው መንገዱ ላይ ጠፋ። መጥፋት አልነበረበትም። ጠጠሩ ላይ ሬንጅ ከተረጨ በኋላ ውሃ እየደፋች የምትፈትነው እሷ ነበረች፤ እስካሁን የደፋችው ሁሉ እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ቦዩ ውስጥ ገብቷል። እዚህ ድልድዩ አፍ ላይ ግን፣ መዳፍ የምታህል ቦታ ውሃውን ጭልጥ አደረገችው። ደገመችው። አሁንም ጭልጥ። ጎንበስ ብላ ዳሰሰችው፤ ቀዳዳ የለውም፣ ደረቅ ነው፣ ትኩሳት እንደያዘው ግንባር ይሞቃል።

"ጋሼ! እዚህ ጋ ይጠጣል።"

ካቦው ከሮለሩ ጥላ ሥር ተነስቶ እያዘገመ መጣ። "ሁለቴ ተረጭቶ? ከእኔ የባሰ ጠጪ ተገኘ በይኛ!" ጣሳውን ተቀበላትና ከዚያው ባልዲ ቀድቶ እዚያው ቦታ ላይ ደፋ። ውሃው ተንከባሎ ቦዩ ገባ። "ይኸው! ፀሐይ መትቶሽ ነው።"

እሷ ቀድታ ደፋች፤ መንገዱ ጠጣ። እሱ ደፋ፤ ተንከባለለ። እሷ ደፋች፤ ጠጣ።

የካቦው ሳቅ ከፊቱ ላይ ረገፈ። አምና ክረምት ጎርፍ መንገዱን እዚህ ጋ ሲቆርጠው፣ የሮለሩ ሾፌር ባሏ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀርቶ ነበር። ሬሳው ሳይገኝ፣ "ሥራ አይቁም" ብሎ ጉድጓዱን በጠጠር ያስሞላው ካቦው ራሱ ነው።

ሬንጅ የሚረጨው መኪና ሊደርስባቸው ሲል እጁን አንስቶ አስቆመው። ባልዲውን እግሯ ሥር አስቀመጠላት፤ ዓይኗን ግን አላየም።

"በይ ልጄ፣" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እስኪረካ አጠጪው።"