የግርጌው መድኃኒት

«ጫማህን አውልቅ!» ትላለች እትዬ አሰለፈች ከአልጋዋ ላይ ሆና፣ ዶክተር ማናሴ ገና ደጃፉን ሳያልፍ። «የስንቱን ምራቅ ረግጠህ እንደመጣህ ማን ያውቃል! አንቺ ደግሞ ሶሲ፣ ማንጎውን ሳታጥቢ እንዳትነክሺው!»

ደጃፉ ላይ የተቀመጠችው የልጅ ልጇ ሶሲ ማንጎዋን በቀሚሷ ጠረግ አድርጋ ትግጣለች። ማናሴ ይስቃል። እዚሁ አዳማ፣ እዚሁ ሠፈር ያደገ ነውና አመሏን ያውቃል። አሰለፈች ለቅሶ ቤት እንኳን የራሷን ኩባያ ይዛ የምትሄድ፣ ዝንብ ያረፈበትን ወጥ ከነድስቱ የምትደፋ ሴት ናት። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ አሁን የምትጸየፈው የገዛ እግሯን ሆኗል። ከቁርጭምጭሚቷ በታች ሌሊቱን ሙሉ ይነዳል፣ ይጠዘጥዛል፣ ጉንዳን ይርመሰመስበታል። ጎረቤት መክሯት ትኩስ የፍየል ፈርስ ውስጥ የነከረችው ቀን፣ ከሕመሙ ይልቅ ትውከቱ ሊገድላት ነበር።

«ስኳር የለብዎትም፤ የቫይታሚን እጥረትም የለም» ይላል ማናሴ። «ቤትዎን ልየው ያልኩት ለዚህ ነው። እስቲ ዓይንዎን ይጨፍኑና ስወጋዎት ይንገሩኝ።»

ትጨፍናለች። ትጠብቃለች።

«ኧረ መቼ ነው የምትወጋኝ?»

ዓይኗን ትገልጣለች። መርፌው የእግሯ አውራ ጣት ላይ ቆሟል፤ ጠብታ ደምም ወጥቷል። የሚነድ እግር መርፌ የማይሰማው ምን ጉድ ነው? የሬሳ እግር ይመስላትና ፊቷን ታዞራለች።

ማናሴ አፍንጫውን ወደ ፍራሹ ያስጠጋል። «እትዬ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?»

«እኔ ቤት ምን ይሸታል!» ትቆጣለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የትኋን መድኃኒት ነው» ትላለች። ስሙን ስትጠራው እንኳን ከንፈሯ ይጣመማል። «ከግድግዳው ስንጥቅ ይወጣሉ። ደም ጠጥተው አብጠው… ሲጨፈለቁ ደግሞ ሽታቸው! ልጄ ታጠቅ ከመቂ፣ ገበሬዎች ሽንኩርት ላይ የሚረጩትን ያመጣልኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ፍራሹን አርስበታለሁ። ግርጌውን ደገም አደርገዋለሁ፣ የሚወጡት በዚያ ነዋ።»

«በጓንት ነው?»

«በእጄ ነዋ!»

ማናሴ ወንበር ላይ ያስቀምጣትና አንሶላውን ይገልጣል። የፍራሹ ግርጌ ቢጫ ሆኗል፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአምና ክረምት።»

«እትዬ፣ ይሄ መርዝ ነው። በቆዳ ይገባና ነርቭ ይጎዳል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከእግር ነው። ምርመራው ይቀጥላል፤ እዚህ ፍራሽ ላይ ግን ከእንግዲህ አይተኙም።»

አሰለፈች መዳፏን ታሸታለች። በዚህ እጅ ጎርሳለች፤ በዚህ እጅ አጉርሳለች። የሰው ኩባያ ስትሸሽ የኖረች ሴት፣ ከቤቱ ሁሉ የቆሸሸችው እሷው ራሷ ሆና ትገኛለች። ምነው ትኋኑ በበላኝ ትላለች በልቧ።

ማናሴ ፍራሹን ሊያነሳ ጎንበስ ይልና ይቆማል። ግርጌ ላይ ትንሽ ትራስ አለች።

«እዚህ ማን ነው የሚተኛው?»

አሰለፈች «ሶሲ!» ብላ ትጣራለች። «ነይ ወዲህ፣ እናቴ።»

ልጅቷ የማንጎው ጭማቂ በክንዷ እየወረደ ትገባለች። ሌላ ቀን ቢሆን አሰለፈች ትጮህባት ነበር። አሁን ግን ታስቀምጣትና ትንሿን እግር ከነአቧራዋ ጭኗ ላይ ታወጣታለች። ጥፍሯን የልጅቷ አውራ ጣት ላይ ታሳርፋለች። ትጫናለች። አሁንም አጥብቃ ትጫናለች።

ሶሲ ማንጎዋን መጋጥ አታቋርጥም።