ውሻውን አጥሩ ላይ ያሰረው ማነው?

«አንዴ ዝም በይ! ... ያ ውሻ የኔ ነው!»

ወይዘሮ ሮስቪታ የኬክ ሳህኗን አስቀምጣ ቴሌቪዥኑ ላይ አፈጠጠች...

እሁድ ማታ ነው። የተጣሉ ውሾችና ድመቶች እየቀረቡ አዲስ ቤት የሚፈለግላቸው ፕሮግራም እየታየ ነው። ከኮሎኝ ወጣ ብላ ባለችው በዚያች ትንሽ ከተማ እሱን የማያይ አሮጊት የለም።

ጎረቤቷ ኢርምጋርድ ሳቀች።

«ምን ነካሽ? ሙኪ እኮ ሞቷል! ልጅሽ ራሱ አይደል የቀበረው?»

እውነቷን ነው...

ሮስቪታ ዳሌዋን ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ሆስፒታል ስትተኛ፣ ሙኪን አደራ የሰጠችው ለአንድ ልጇ ለዴትሌፍ ነበር።

ስትወጣ «እማ፣ በእንቅልፉ ነው የሞተው... አልተሰቃየም» አላት። ከከተማው ዳር ባለው የአትክልት ቦታቸው እንደቀበረውም ነገራት።

እሷም በምርኩዝ እየተጎተተች ሄዳ አበባ ተከለችበት። ውሃ እያጠጣች ስታወራው ነው የከረመችው።

የቴሌቪዥኑ ውሻ ግን አጭር እግር፣ ረጅም ወገብ፣ ግራ ጆሮው የተቀደደ፣ ቁርጥ ሙኪን... «ኦስካር» የሚል አዲስ ስም አውጥተውለታል።

አቅራቢዋ ብስኩት ሰጠችው። አልበላውም... በአፉ ይዞ ሄዶ የሶፋው ትራስ ስር ወሸቀው።

ሮስቪታ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ብስኩት ትራስ ስር የሚደብቅ ውሻ ከሙኪ ሌላ አይታ አታውቅም።

«የእንስሳት መጠለያው አጥር ላይ ታስሮ፣ በዝናብ ርሶ ነው ያገኘነው» አለች አቅራቢዋ።

«ያሰረው እጁ ይቆረጥ!» አለች ኢርምጋርድ።

«አሜን!» አለች ሮስቪታ... ከልቧ።

ወዲያው ስልኩን አነሳች።

መጠለያው ግን ሕግ አለው። ዕድሜው ለገፋ ሰው ውሻ የሚሰጠው፣ «እሷ ከታመመች እኔ እወስደዋለሁ» ብሎ የሚፈርም ወጣት ዘመድ ካለ ብቻ ነው።

«ልጅ አለኝ እኮ! የከተማችን በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ተከላካዮች አለቃ ነው። ዛፍ ላይ የቀረ ድመት ሁሉ የሚያወርደው እሱ ነው!» አለቻቸው በኩራት።

ለዴትሌፍ ደውላ ነገረችው።

«እማ... ተሳስተሽ ይሆናል። ውሻ ሁሉ ይመሳሰላል።»

«አንተ ካልወሰድከኝ ኢርምጋርድ ትወስደኛለች!»

በማግስቱ ወሰዳት። መጠለያው በር ላይ ሲደርሱ ግን ከመኪናው አልወርድ አለ።

«ና እንጂ፣ ፊርማ አለ!»

«ስልክ እየጠበቅኩ ነው... አንቺ ቅደሚ።»

ገባች።

ሙኪ ገና ድምጿን ሲሰማ እየተንቀጠቀጠ መጣ... ጫማዋ ላይ ተኝቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

የመጠለያው ሠራተኛ ስቬንያም አብራ አለቀሰች። ገመዱን ራሷ አስጨበጠቻት።

«አንድ ነገር ብቻ እማማ... የእርስዎ ከሆነ ማን አሰረው? ውሻ መጣል በሕግ ያስቀጣል፤ ፖሊስም ጉዳዩን ይዞታል። በር ላይ ካሜራ አለን... ሰውየውን ያውቁት እንደሆነ ይዩልን።»

ቪዲዮውን ከፈተችላት።

ዝናብ... ኮፍያውን ፊቱ ላይ የደፋ ሰው... ውሻውን አሰረ፤ ቀና አለ፤ የሱሪውን ጭቃ በመዳፉ ጀርባ አራገፈ።

በመዳፉ ጀርባ!

አምስት ዓመት ሳይሞላው ጀምሮ «በእሱ አይደለም፣ ሱሪህን ታበላሻለህ» እያለች ስትቆጣው ኖራለች። የእናት ዓይን ኮፍያ አይከልለውም።

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች... ዴትሌፍ መኪናው ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«ያውቁታል?»

ሮስቪታ የሙኪን የተቀደደ ጆሮ ዳበሰች... ደጋግማ ዳበሰች።

«መንገድ ላይ ያገኘሁት ሰው ነው። ስሙን አላውቀውም... የላክሁት እኔ ነኝ። ውሻው አርጅቶብኝ ነበር።»

የስቬንያ ፊት ተለዋወጠ። ገመዱን ከእጇ ነጠቀቻት።

«አንዴ የጣለ ሰው መልሶ አይወስድም! ለፖሊስም እናገራለሁ። እንዴት አስቻለዎት? ... ይውጡልኝ!»

በሩ ሲዘጋ ሙኪ ከውስጥ ይቧጥጥ ነበር። እስከ መኪናው ድረስ ይሰማታል።

«ምን አሉሽ እማ?»

«ያስጣልኩት እኔ ነኝ አልኳቸው።»

ዴትሌፍ... ምን አለ መሰላችሁ?

«እፎይ» አለ።

ከመኪናው አልወረደም። «እናቴ አይደለችም፣ እኔ ነኝ» አላለም። ምንጣፌን አበላሸ ብሎ የጣለውን ውሻ፣ አንገቱን አዙሮ እንኳ አላየውም!

«አይዞሽ እማ... ሌላ ውሻ እገዛልሻለሁ። ወጣቱን።»

ሮስቪታ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣

«ዛሬ ያጣሁት ውሻዬን ብቻ መሰለህ?» አለችው።

መኪናውን አስነሳው።

ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ኢርምጋርድ እሁድ እሁድ መምጣቷን አቆመች። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ሰዎች ሮስቪታን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። ዴትሌፍ ግን ዛሬም አለቃ ነው፤ ዛሬም ድመት ያወርዳል፤ ዛሬም ይጨበጨብለታል።

ሙኪስ?

ያረጀ ውሻ ማን ይፈልጋል... ከፕሮግራሙ በኋላ ስለ እሱ የደወለ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

እሷ።

ወዳጆቼ... «አይ እናት!» ብላችሁ ላይክ አድርጋችሁ እንዳታልፉት። እናት ጥፋታችሁን ስለተሸከመችላችሁ ጥፋቱ አልጠፋም፤ እሷ ላይ ነው ያረፈው። በእሷ ውርደት የምትኖሩት ኑሮ ደግሞ ኑሮ አይባልም!

እናንተ ሮስቪታን ብትሆኑ ልጃችሁን አጋልጣችሁ ሙኪን ይዛችሁ ትወጡ ነበር? ወይስ እንደ እሷ...? ከልባችሁ ኮሜንት ላይ መልሱልኝ 👇