የአንድ ቀን ነጭ

ክንፈ ሚኒባሱን ከወንድዬ ሱቅ ፊት አቁሞ ወረደ። ጢሙ አድጓል። ከሾፌሩ ጀርባ ያሉት ወንበሮች በሙሉ ተነቅለዋል።

«ቸርኬዎቹን ነጭ አድርግልኝ» አለ። «ያንን የሚላጠውን ቀለም። ሰርግ አለብኝ።»

መካነ ሰላም ውስጥ የሚላጥ ቀለም የሚረጨው ወንድዬ ብቻ ነው። ጥር ሲገባ ከዘመድ የተለመነ መኪና ሁሉ ሙሽራ ይሆናል። ወንድዬ ቸርኬውን ነጭ ይረጨዋል፣ ሰርጉ ሲያልፍ ቀለሙ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተገፎ ይወድቃል፣ መኪናውም እንደነበረ ለባለቤቱ ይመለሳል። ሰው ለአንድ ቀን ማማር ይወዳል፤ ወንድዬም በዚሁ ይኖራል።

«የማን ሰርግ ነው?»

ክንፈ ጎማውን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ።

ይህች ዝምታ ወንድዬን ወጋችው። ክንፈ የእህቱ የመሰረት እጮኛ ነው። ሚኒባሱም የተገዛው መሰረት ኩዌት ሰው ቤት እየሠራች በላከችው ገንዘብ ነው። ለዳግማይ ትንሣኤ መጥታ ሊጋቡ ተነጋግረው ነበር። ከሰሞኑ ግን ስልኳ አይነሳም። እናታቸው እትዬ በዛች «ማዳሟ ቀምታት ይሆናል» እያሉ ራሳቸውን ያጽናናሉ። ወንድዬ ግን አሁን ሁሉም ነገር ገባው። ክንፈ ሌላ ሊያገባ ነው፤ ወሬው እዚያ ድረስ ደርሶ፣ እህቱ አንጀቷ አርሮ ነው ስልኳን የዘጋችው።

ሰፈሩም ያውቃል። ጠዋት ሻይ ቤት ሲገባ ወሬ ተቋርጧል። በሰው ሲቀልድ የሚውለው ጎረቤቱ አዩብ እንኳ ዛሬ ትከሻውን ጨበጥ አድርጎ «አብሽር ወንድሜ» ብሎት አልፏል። ለካ የእህቱን መከዳት ያልሰማ እሱ ብቻ ኖሯል።

«ለስንት ቀን ነው የምትፈልገው?» አለ ጥርሱን ነክሶ።

«እስከ ነገ ማታ ቢቆይ ይበቃኛል።»

ወንድዬ ጎማዎቹን በጋዜጣና በፕላስተር ሸፈነ። ይህ ቀለም ሲልጡት እሺ የሚለው ደጋግመው ሲደርቡት ነው። አንዴ ብቻ ስስ አድርገው ካለፉት ከብረቱ ይጣበቃል፣ ፍቀውም አይጨርሱት። ወንድዬ አንዴ ብቻ ረጨ። ከሃዲውን ነጩ እድሜ ልኩን ይከተለው ብሎ ነው። ትንሽ ደስ አለው፣ ወዲያው ደግሞ አፈረ፤ ግን አልደገመውም።

«ያጎረሰ እጅ ይነከሳል ሲሉ እሰማ ነበር» አለ መርጫውን አስቀምጦ። «በእሷ ላብ በተገዛ መኪና ስትሞሽር ልብህ እሺ አለህ?»

ክንፈ ቀና ብሎ አየው። ዓይኑ ቀልቷል። ሲጠጣ አድሮ ነው፣ ብሎ አሰበ ወንድዬ።

«የፈለግከውን በለኝ፣ እችላለሁ» አለ ክንፈ። «ለእትዬ ግን ምንም እንዳትነግራቸው። አደራህን። ከነገ ወዲያ ጠዋት እኔው መጥቼ እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ፊት ይዘህ?»

ክንፈ መኪናውን አስነስቶ በወረኢሉ መንገድ ወጣ።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ሚኒባሱ ተመለሰ። ነጭ ቸርኬ፣ ከፊት ሪባን፣ መስኮቱ ሁሉ በመጋረጃ ተሸፍኗል። ጥሩምባ የለ፣ ሆታ የለ፣ የሚከተል አጃቢ የለ። ተደብቆ የሚያገባ ሰው ምን ሆታ አለው? ደጁ ላይ የቆመው ወንድዬ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ አነሳ።

እናቱ ቀደሙት። ዓይናቸው ደክሟል፤ የታያቸው ነጩና ሪባኑ ብቻ ነው። «ምነው፣ ሙሽራ እንዲህ በዝምታ ያልፋል እንዴ?» ብለው ከግቢ ወጡና እልል አሉ። መኪናው ጨርሶ እስኪያልፍ አላቋረጡም።

«ሂጂ ልጄ» አሉ እጃቸውን ዘርግተው። «የማንም ልጅ ሁኚ፣ ወልደሽ ሳሚ። ለመሰረቴም እንዲሁ ያድርስልኝ።»

ክንፈ ፊት ለፊት እያየ ቀስ ብሎ ይነዳ ነበር። እንባው ጢሙ ላይ ይወርዳል። ወንድዬ አየው። ይጸጸታ፣ የታባቱ፣ አለ በሆዱ። በእናቱ እልልታ ላይ ድንጋይ መወርወር ግን አልሆነለትም። ድንጋዩን መሬት ጥሎ እናቱን ደግፎ ወደ ቤት አስገባቸው። ስለ እህቱ ሲል ያን ሰው ሳያንቀው እንደማይውል ለራሱ ማለ።

ጎህ ሲቀድ እትዬ በዛችን ሳይቀሰቅስ ወጥቶ የግቢውን በር ከፈተ።

ሰፈርተኛው ሁሉ አጥሩ ስር ቁጭ ብሏል። አዩብ ከነሚስቱ አለ፤ የንስሐ አባታቸውም አሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ክንፈ ከሁሉም ፊት ቆሟል።

«ሙሽራህስ?» አለ ወንድዬ።

«ቤተ ክርስቲያን ነው ያደረችው» አለ ክንፈ። «እትዬ ሳይረዱ ሬሳ እንዳያዩ ነበር ነጩ። አሁን ቀስቅስልን፤ ያመጣኋት መሰረትን ነው።»