ያዘመመው ትከሻ

ከባሏ ሸሽታ በሴቶች መጠለያው የተደበቀችውን ልጇን ልትጠይቅ እናትየው ስትመጣ፣ የመጠለያው ኃላፊ ቢሮው ውስጥ ጠረጴዛ ይደበድብ ነበር።

"የምስጢር ቁልፉን ማንም አይሰብረውም! የሴቶቹ ፎቶ ማንም እንዳያየው በኮምፒውተር ተመስጥሯል፤ በቃ!"

"የእርስዎ ፕሮግራም አንድ ዓይነት የፎቶ ቁራጭ ባገኘ ቁጥር አንድ ዓይነት አድርጎ ነው የሚመሰጥረው፤" አለች የኮምፒውተር ባለሙያዋ ጥርሷን ነክሳ። "የኔ ግን የእያንዳንዱን ቁራጭ ቦታ ከቁልፉ ጋር ስለሚቀላቅል ቅርጽ አያስተርፍም።"

"ያንቺ ይንቀራፈፋል! ደግሞስ ከዚህ ዝብርቅርቅ ማን ምን ይለያል? ነገረኛ!"

እናትየው ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ከፎቶው የቀረው ነጠብጣብ ብቻ ነበር፤ በመሃሉ ግን እንደ ጥላ የቆመ ሰው ይታያል። ያዘመመውን የግራ ትከሻ በጣቷ ዳሰሰችው።

"ልጄ ናት።"

"እማማ፣ እርስዎ ደግሞ..." አለ ኃላፊው።

"እኔ ካወቅኋት፣" አለች ጣቷን ሳታነሳ፣ "ይህን ትከሻ የሰበረው ባሏስ?"